የሸክም ልክ

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ ስለ ሰው ኅብረት መናገራቸው ነው። እኔ ግን የጭነት መኪና ባየሁ ቁጥር ይህ ተረት ትዝ ይለኛል፤ መንገድ ሠሪዎች በሂሳብ የደረሱበት ነገር ከእርሱ የራቀ አይደለምና።

መንገድን የሚጎዳው የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በእያንዳንዱ አክስል ላይ የሚያርፈው ሸክም ነው። ይህ በሰፊው የተመረመረው በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ግዛት፥ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ዓ.ም. ለሙከራ በተሠራ መንገድ ላይ፥ ልዩ ልዩ ክብደት የተጫነባቸው መኪናዎች ሲመላለሱ ቆዩ። የተገኘው ውጤት የሚያስደንቅ ነበር። የአክስሉ ሸክም ሲጨምር ጉዳቱ በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ቁጥሩን አራት ቦታ ጽፎ እርስ በርሱ እንደ ማባዛት ያህል ያድጋል። እንግዲህ ልኩ 10 ቶን የሆነ አክስል 12 ቶን ቢሸከም፥ የሸክሙ ጭማሪ ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ከእጥፍ ያልፋል። ተማሪ የሆነ ሁሉ 1.2ን በዚህ ዓይነት አባዝቶ ሊያየው ይችላል።

አንድ ጊዜ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍሬ የዓባይን ሸለቆ ወርጄ ነበር። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ነጂውን «ጋሼ፥ ከልክ በላይ የሚጫነው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፥ «ልጄ፥ የዕቃው ባለቤት ኩንታሉን ይቆጥራል፥ ባለ መኪናው ምልልሱን ይቆጥራል፤ ፍሬኑን የምረግጠው ግን እኔ ነኝ» አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ክብደት በጨመረ መጠን በቁልቁለት ፍሬን የሚሸከመው ሙቀትም ይጨምራል፤ እጅግ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ትርፉን የሚያገኘው አንድ ሰው፥ ነፍሱን የሚያስይዘው ሌላ ሰው ይሆናል። ቅጣቱንም በነጂው ላይ ብቻ መጣል ፍርድ አይመስለኝም፤ ያስጫነው ሰው አብሮ ሊጠየቅ ይገባዋል።

«አገራችን ድኻ ናት፤ አንድ መኪና ብዙ ቢጭን ዕቃው ይረክሳል» የሚል ሰው አይጠፋም። ከጅቡቲ ወደብ በገላፊ ገብቶ፥ በአዋሽ በኩል ሞጆ እስኪደርስ ያለውን ረዥም ጉዞ ለሚያውቅ ሰው ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የተሰባበረ መንገድ ጎማ ይጨርሳል፥ ጉዞውን ያዘገያል፤ የረከሰው ዕቃ መልሶ ይወደዳል። የመጠገኛውንም ዋጋ የሚከፍለው ጤፉን ለገበያ የሚያወጣው ገበሬ፥ በአውቶቡስ የሚሳፈረውም ተማሪ ጭምር ነው። ብዙ መጫን ካስፈለገ መንገዱ አክስል መጨመርና ሸክሙን ማካፈል ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በትልልቅ አውራ ጎዳናዎቻቸው ላይ ለአንድ መኪና እስከ 80,000 ፓውንድ፥ ማለት 36 ቶን ያህል ሲፈቅዱ፥ በአክስሎቹ ቁጥርና መራራቅ ወሰኑት። ሎሚውን ለሃምሳ ሰው ማደል ማለት ይህ ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ በሚዛን ጣቢያ የሚመደብ ይኖራል። ሌሊት፥ በብርድ፥ አንድ ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ «ሃያ ኩንታል ምን አላት?» ይለው ይሆናል። በዚያች ሰዓት የአራት ጊዜውን ብዜት ያስብ፤ ከሸለቆው በታች የሚሻገረውንም ሰው ያስብ። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ያሳየውን ቁጥር እንዳለ ይጻፍ።