በስልክ ስለሚደረግ የአክሲዮን ንግድና ነጋዴውን ስለ መመዘን

ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ መስታወት አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ንግድ ዛሬ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ነገሩ የቤተ ሰብን ገንዘብ የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን፤ ዓመቱንም በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

በአሜሪካ የሚኖረው የእኅታችን ልጅ፥ እናቱ ለታናሽ እኅቱ ትምህርት ያኖረችውን ገንዘብ አንድ ስመ ጥር ነጋዴ ሲገዛ አብሮ እየገዛ፥ ሲሸጥም አብሮ እየሸጠ ሊነግድበት አሰበ። ሰውዬው በመገበያያው ዝርዝር «በ3 ወር ከመቶ 60 አተረፈ» ተብሎ አንደኛ ሆኖ ተጽፏል። ልጁም «የተከበሩ አጎቴ፥ እናቴን ይምከሩልኝ» ብሎ ላከብን። በዚያው ሳምንት ደግሞ በራሱ ሂሳብ ካለው አክሲዮን ሦስት እጁ ጠፍቶ ቢታየው «ተዘረፍሁ» ሲል ጻፈ።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር የለመድነው ከክርክር በፊት መዝገብ ማስተያየት ነው። ስለዚህ «ምንም ሳትሸጥ ቆይ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍ፥ ያየኸውን በፎቶግራፍ አስቀር፥ የግዥህን ማረጋገጫ ከወሩ መግለጫ ጋር አስተያይ፥ ለመገበያያውም በጽሑፍ አመልክት» ብለን መለስንለት። ነገሩ ሲመረመር ኩባንያው እያንዳንዱን አክሲዮን በ4 ከፍሎት ኖሯል። ዋጋው ወደ ሩብ ሲወርድ የተጨመረው የአክሲዮን ቁጥር ግን በመዝገቡ ገና አልገባም ነበር። በማግስቱ ገባና ገንዘቡ እንደ ነበረ ታየ። ልጁ ግን ያችን ሌሊት እንቅልፍ አላየም።

እውነተኛ ጥፋትም አለ። በ2020 ዓ. ም. ማርች 2 ቀን፥ የአሜሪካ ገበያ እጅግ ከፍ ባለበት ዕለት፥ ሮቢንሁድ የተባለው መገበያያ ተቋርጦ ደንበኞቹ መግዛትም መሸጥም ሳይችሉ ዋሉ። በ2021 ዓ. ም. ፊንራ የሚባለው የደላሎች ተቆጣጣሪ ስለዚህ፥ በደንበኞች ሂሳብ ያለውን ገንዘብ አሳስቶ ስለ ማሳየቱና ስለ ሌላውም ጥፋት 57 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ለተጎዱትም ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ዶላር ከነወለዱ እንዲከፍል አዘዘው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የተባለው እዚህም ይሠራል፤ በስልክ ብቻ የጮኸ ደንበኛ ማስረጃው ምንድር ነው?

አሁን ወደ ነጋዴው እንመለስ። ከዝርዝር ራስ ላይ መጻፍ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ የከሰረው ሂሳቡን ዘግቶ ሲሄድ የሚታዩት የቀሩት ብቻ ናቸውና። ስንት ዓመት ነገደ? የደላላው ዋጋና ግብሩ ሲቀነስ ምን ቀረው? በዚያው ዘመን ገበያው በሞላው ስንት አተረፈ? ባርበርና ኦዲን የተባሉ የካሊፎርኒያ መምህራን ከ1991 እስከ 1996 ዓ. ም. የ66,465 ቤተ ሰቦችን ሂሳብ መርምረው በ2000 ዓ. ም. እንዳሳተሙት፥ ገበያው በዓመት ከመቶ 17.9 ሲያተርፍ አብዝተው የሚገዙና የሚሸጡት ያገኙት 11.4 ብቻ ነበር። እጅግ የሚተጋው ነጋዴ ከተቀመጠው አንሶ መገኘቱ ያስደንቃል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሂሳቡ ከከፍታው ስንት ወርዶ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል። ከ100 ብር 50 ያጠፋ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ የቀረውን እጥፍ ማድረግ አለበት። ልጁን ይህን እንዲያጣራ አዘዝነው። ያ ስመ ጥር ሰው የነገደው በጠቅላላው 5 ወር ሆኖ ተገኘ፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወሮች ሂሳቡ በእኩሌታ ወርዶ ነበር። ከመቶ 60 የተባለውም ትርፍ ከዚያ ወዲህ የተቆጠረ ነው፤ 100 የነበረው 50 ሆኖ፥ ከ50ም ወደ 80 ወጣ ማለት ነው።

እኅታችን ይህን ሰምታ የትምህርቱ ገንዘብ ከባንክ እንዳይወጣ አለች። ልጁም ከደመወዙ 200 ዶላር ለይቶ በስሙ ይነግዳል፤ የወሩንም መግለጫ ይልክልናል።