ሕልም እንደ ፈቺው

ቂሊንጦ ነው የምንኖረው ስንል «ስንት ዓመት ተፈረደባችሁ?» ብሎ የማይቀልድብን የክፍል ጓደኛ ጥቂት ነው። ለብዙ ሰው ቂሊንጦ ማለት ማረሚያ ቤቱ ነውና አንቀየምም። እኛ ግን ያለነው ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ለሁለት ሆነን ነው። ኪራዩ ከስድስት ኪሎ አካባቢ ስለሚረክስ መጣን፤ በየጠዋቱም ለትምህርት ከተማውን እናቋርጣለን።

ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ኪራይ ሳይሆን ስለ እንቅልፍ ነው። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከሁለታችን አንዳችን ታመመ። ማንኛችን እንደሆንን አንናገርም፤ አንባቢ ይቅር ይበለን። ሕመሙ የአንድ ሰው ቢሆንም እንቅልፍ ያጣነው ሁለታችንም ነንና «እኛ» ብንል ውሸት አይሆንብንም።

በሽታው ድባቴ ይባላል። መጀመሪያ ስንፍና መስሎን ነበር፤ እህል አላስበላ፣ መጽሐፍ አላስገልጥ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ሌሊቱ ነው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጩኸት ይነሣል። ሕልሙ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ውኃ የሞላ ቢጫ ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት። ደረጃው አያልቅም፤ የእናት ድምፅ ይጣራል፤ ወዴት ነው ብለው ሲያዳምጡ ድምፁ የሚመጣው ከጄሪካኑ ውስጥ ነው። (ወደ አራተኛ ፎቅ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ጄሪካኑ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቀንም።) ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ዐይን አይከደንም። ቀስ በቀስም ቅዠቱን ብቻ ሳይሆን አልጋውን መፍራት መጣ። እንቅልፍን ለመሸሽ ሲባል ማታ ቡና፣ ፈተና ሲደርስም ጫት ተጀመረ፤ ይህም በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ሆነ።

አገራችን ለነገሩ ስም አላጣችም፤ ደረት ላይ ተጭኖ ትንፋሽ የሚያሳጣውን ነገር አያቶቻችን ዱካክ ይሉታል። አንዲት እናት ጎረቤታችን ጸበል አመጡልን፤ በደስታ ጠጣን። ወደ አንድ ጤና ጣቢያም ሄድን፤ «ተማሪዎች ናችሁ፣ የጥናት ጭንቀት ነው» ተብለን የራስ ምታት ኪኒን ይዘን ተመለስን። ጥፋቱ በከፊል የራሳችን ነበር፤ «እንቅልፍ እምቢ አለን» አልን እንጂ ሌላውን ሁሉ ደበቅን።

አንድ ሌሊት ግን ከጩኸቱ በኋላ «ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» የሚል ቃል ተሰማ። መብራት ሳናጠፋ ቁጭ ብለን አነጋን፤ ሲነጋም ከትምህርት ቀርተን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሄድን። ይህ ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለ ሲሆን ስሙ በከተማችን እንደ ስድብ ይነገራል። ስለዚህ ለታክሲው ረዳት መውረጃችንን የነገርነው በሹክሹክታ ነበር፤ እርሱ ግን ከገበያተኛው ጋር ምንም ሳይለን አወረደን።

ሐኪሟ ያን የሌሊቱን ቃል ደጋግመው ጠየቁን፤ ሳንደብቅ ነገርናቸው። ከዚያም እንቅልፍ ማጣትና ድባቴ አንዱ ሌላውን እንደሚያብስ፣ ቅዠቱም ራሱን የቻለ ሕክምና እንዳለው አስረዱን። ሰው ተኝቶ ሳለ ዐይኑ ከሽፋሽፍቱ ሥር የሚርገበገብበት ጊዜ አለ፤ አሴሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1953 የጻፉበት ነገር ነው። ብርቱ ሕልም የሚበዛው ያን ጊዜ ሲሆን ጊዜው ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ዘጠኝ ሰዓት የሰይጣን ሰዓት አለመሆኑን ማወቅ እንዴት ያለ ዕረፍት ነው! መድኃኒትም ታዘዘ፤ በራስ ፈቃድ እንዳይቋረጥ፣ ሕልሙን የባሰ ካደረገውም ተመልሰን እንድንነግራቸው አደራ አሉን።

ያስገረመን ግን የቤት ሥራው ነው። ቅዠቱን በቀን፣ በብርሃን በደብተር ላይ መጻፍ፤ ከዚያ እንደ ፈቀዱ መለወጥ፤ አዲሱንም በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በሐሳብ ማየት። ባሪ ክራኮው የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጥናት፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች በዚህ መንገድ ቅዠታቸው ቀንሶላቸዋል። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ስንል ኖረን ፈቺው ራሱ ሕልመኛው ሊሆን እንደሚችል አላሰብንም ነበር። ስንጽፍ ተጣላን፤ አንዳችን በደረጃው ፋንታ ሊፍት ይግባበት አለ። ከስንት ሳምንት በኋላ የሳቅነው ያን ቀን ነው። በመጨረሻ ጄሪካኑ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንዲወርድ፣ በውኃው እግር እንዲታጠቡበት፣ እናትም በራሷ እግር እንድትመጣ ተስማማን።

ሌላው ትእዛዝ አስቸገረን። አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ ይሁን፤ እንቅልፍ እምቢ ሲል ተነሥታችሁ ሌላ ቦታ ተቀመጡ ተባልን። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሌላ ቦታ የት ይገኛል? ጋቢ ለብሰን ደረጃው ላይ ተቀመጥን፤ ዘበኛው ሁለት ጊዜ በባትሪ መረመረን። ቡናው ከምሳ በኋላ ቀረ፤ ጫቱ ጨርሶ ቀረ። አርፍደን ብንተኛም በአሥራ ሁለት ሰዓት እንነሣለን፤ ይህ ከሁሉ መራራ ነው።

ቅዠቱ ጨርሶ አልሄደም። ድባቴውም እንዲሁ፤ መድኃኒቱ ይወሰዳል፣ ቀጠሮው ይከበራል። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ግን ጩኸት አልነበረም። ጠዋት ታክሲ ስንጠብቅ ሕልሙ መጥቶ እንደ ነበረ ተነገረ፤ ደረጃው አሁንም አላለቀም፣ ጄሪካኑ ግን ባዶ ነበር።