ጅብ የሚሆነው ማነው?

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል ጨዋታ አለ። ጠረጴዛ ከብበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ አንዱ ተራኪ ሌሎቹ ጀግኖች ሆነው የሚጫወቱት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን አወጡት። ከጭራቆቹ አንዱ ዶፕልጋንገር ይባላል። የፈለገውን ሰው መልክ ይይዛል፤ የሰው ሐሳብ ያነብባል፤ ወዳጅ መስሎ ቤት ይገባል። የጨዋታው መጽሐፍ ጉልበቱን ሳይቀር ሰፍሮለታል፤ በ2014ቱ እትም የሕይወት ነጥቡ 52 ነው። ያን ያህል ከተመታ ይሞታል፤ ሲሞት የተዋሰው መልክ ይገፈፍና እውነተኛ መልኩ ይወጣል። ተጫዋቾቹም የገደሉት ጭራቁን እንጂ ሰው አለመሆኑን አይተው እፎይ ይላሉ።

ደብረ ኤልያስ ላይ ስለዚህ ጨዋታ የሰማ ሰው ቢፈለግ ብዙ አይገኝም። መልኩን ስለሚለውጥ ፍጡር ያልሰማ ግን ሕፃንም የለ። ቡዳ ነዋ! ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። የጨዋታው ጭራቅ ግን ገጽ ላይ ተሥሎ የቀረ ነው። የደብረ ኤልያሱ ጎረቤት ነው፤ የክርስትና ስም አለው፣ ልጆች አሉት፣ ማረሻ ይሠራል።

ነገሩ የሚከብደው ከዚህ ላይ ነው። የጎጃም ገበሬ ያለ ባለእጅ አንድ ክረምት አያልፍም። ማረሻው ሲደንዝ፣ ማጭዱ ሲዶለዱም፣ የመጥረቢያው አፍ ሲሸረፍ የሚሄደው ወናፉ ወደሚነፋበት ጎጆ ነው። ሚስቱ ምጣዱንና እንስራውን ከሸክላ ሠሪዋ ትገዛለች፤ ጋቢውን ሸማኔው ይሠራለታል። የልጁ እትብት የተቆረጠበት ምላጭም፣ የአባቱ መቃብር የተቆፈረበት ዶማም ከዚያው እሳት የወጡ ናቸው። ይህን ሁሉ ከተቀበለ በኋላ ግን ልጁን ከባለእጁ ዓይን በነጠላ ይሸፍናል፤ ምግብ ከፊቱ አይበላም፤ ልጁን ለልጁ አይድርም። በርስት ዘመን መሬት በዘር ሐረግ ይወረስ ስለነበር ባለእጁ አብዛኛውን ጊዜ ከርስቱ ውጭ ነበር። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ኖረ፤ በእጁ ስለኖረ ደግሞ ጅብ ተባለ።

የውጭ አጥኚዎችም ይህን አይተዋል። ሮናልድ ሬሚኒክ መንዝ ውስጥ ስለ ቡዳ ያጠናውን ያሳተመው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ጨዋታው በወጣበት በዚያው በ1974 ነው። ከደብረ ኤልያስ ሰሜን፣ ጣና ዳር ያለችውን ዘጌን ያጠናው ቶም ቦይልስተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ የቡዳን ፍርሃት ከባርነት ትዝታ ጋር አያይዞ ያየዋል። ይህ የሚያስኬድ ሐሳብ ይመስላል። በእምነቱ መሠረት ቡዳው የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ እንደ ባሪያ ያሠራዋል። እንግዲህ ማን ማንን ሲያሠራ እንደኖረ የሚያውቅ ኅብረተሰብ ሌሊት ሌሊት ተገላቢጦሹን ይፈራል ማለት ነው።

የሁሉ ክፉው ግን መለፍለፉ ነው። ልጅቱ ትታመማለች፤ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ታቃስታለች፣ ምግብ አልቀበል ይላታል። ጢስ ይታጠናል። «ማነህ? ከየት ያዝካት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው በእሷ አፍ ይናገራል የተባለው ነው። ጢሱ ያፈናት፣ ሰው የከበባት፣ ትኩሳት ያቃጠላት ልጅ በመጨረሻ አንድ ስም ትጠራለች። የምትጠራው ደግሞ ሰው ሁሉ አስቀድሞ በልቡ የያዘውን ስም ነው፤ ሌላ ስም ከየት ታመጣለች? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የተጠራው ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? እቤቴ ተኝቼ ነበር ቢል፣ ቡዳ ተኝቶም ይበላል። ላብስላት ብሎ ቢመጣ፣ አመነ ይባላል። አልመጣም ቢል ደግሞ ጨካኝነቱ ታወቀ። ልጅቱ ከዳነች እሱ ስለለቀቃት ነው፤ ከሞተች እሱ ስለበላት ነው። ጤና ጣቢያ ልትደርስባቸው የምትችላቸው ቀናት እንዲህ ሲባል ያልቃሉ፤ ይህን የሚቆጥረው የለም።

ጨዋታው እንኳ ከዚህ የተሻለ ሕግ አለው። የጭራቁ ጉልበት ተጽፏል፣ ዳይሱ በሰው ሁሉ ፊት ይጣላል፣ ተራኪው ማን ምን እንደሆነ ያውቃል።

በሞት ጊዜ እውነተኛ መልክ ይወጣል የሚለውም ነገር እዚህ አይሠራም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊው መርከበኛ ናትናኤል ፒርስ፣ ጉትቻ ስላደረጉ ጅቦች የተወራውን ጽፎ ትቷል፤ ባለእጆች የሚያደርጉት ዓይነት ጉትቻ ነው፣ ስለዚህ ጅቡ ሰው ነበር ነው ወሬው። ልብ ይባል፤ ጅቡ ሞቶም ጅብ ነው፤ ወደ ሰውነት አልተመለሰም። ማስረጃው ጉትቻው ብቻ ነው። የተባረረው ወይም የተደበደበው ባለእጅም በበኩሉ ሰው እንደሆነ ይቀራል፤ ጭራ አይወጣለትም። ያም ሆኖ አሳዳጆቹ ተሳሳትን አይሉም።

የፒርስን መሰል ወሬ አውሮፓ ወስዳ ከራሷ ሰው-ተኩላ ተረት ጋር ቀላቀለችው። ሳባይን ቤሪንግ-ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ሰው-ተኩላዎች ባሳተመው መጽሐፍ የሐበሻ ብረት ሠሪዎችም ቦታ አላቸው። ከዚያ በፊትም ሮማዊው ፕሊኒ ከኢትዮጵያ ነው ብሎ የጻፈለት፣ የሰው ድምፅ የሚያስመስል አውሬ ነበር፤ በጥንቱ አጠራር ኢትዮጵያ ከግብፅ በታች ያለው አገር ሁሉ ቢሆንም። ያ አውሬ ሊዩክሮታ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1977 የጨዋታው የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጨዋታውን የሚያሳትመው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ነገር አስታወቀ። ኦርክና ድራው የሚባሉትን ምናባዊ ዘሮች በተፈጥሯቸው ክፉ አድርጎ መሣል እንደሚቀር፣ እንደማንኛውም ሕዝብ ደግም ክፉም እንደሚኖርባቸው ተናገረ። በ2024ቱ እትም ዘር የሚለውን ቃል ራሱን ቀየረው። ብዙ ተጫዋቾች ተቆጡ፤ ብዙዎች ደገፉ። የሌለ ፍጡር በዘሩ ክፉ አይባል ተብሎ ይህን ያህል ክርክር ተካሄደ፤ ጎጃም ውስጥ ያለ፣ የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ የሚቆርብ ሰው በዘሩ ጅብ ሲባል ግን «ባህል ነው» ይባላል።

አልተሞከረም አይባልም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ለብረት ሠሪው፣ ለሸማኔው፣ ለቆዳ ፋቂው የተሰጡትን የስድብ ስሞች እየዘረዘሩ፣ ተሳዳቢውን በእስር አስፈራርተው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ደብረ ኤልያስ ራሷ የቅኔ አገር ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። እሳቸው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዘር ቆጥሮ ሰውን ከሰው የሚለየውን ሥርዓት የተቃወመ መጽሐፍ ነው። ግን ያው የቅኔው አገር የቡዳን ክታብ የሚጽፈውን ደብተራም ያሳድጋል። ክታቡ የሚሸጠው ፍርሃቱ እስካለ ድረስ ነው። ደብተራውም ቢሆን ሰው በሹክሹክታ «ይሰወራል» ይለዋል፤ ይህ ለባለእጁ መጽናኛ አይሆነውም እንጂ።

ከተማ ያለ ሰው ይህ የገጠር ጉዳይ ነው ብሎ እንዳያልፈው፣ በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅቦች» የሚለው ቃል በጠቅላይ ሚኒስትሩ አንደበት ሲነገር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ማንን እንደሚል ሰው ሁሉ በየፊናው ተረጎመው። ብዙ ሳይቆይ በፖለቲከኛ ፈንታ በሕዝብ ላይ የሚለጥፉት ተገኙ። ቃሉ ያን ያህል ኃይል ያገኘው ከፖለቲካ አይደለም፤ ሌሊት ጅብ የሚሆን ጎረቤት አለ ብሎ ያደገ ጆሮ ስለሰማው ነው። ሐረር ላይ ጅብ በእጅ ሥጋ ይጎርሳል፣ ጂን ይበላልናል ይሉታል፤ እዚያ ጅብ መባል ይህን ያህል ላያስፈራ ይችላል።

ዛሬ የባለእጁ ልጅ ትማራለች። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ተመርቃ መምህርት ወይም ነርስ ትሆናለች። አባቷ አሁንም ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ማረሻ ይቀጠቅጣል። አብራት የተማረ ልጅ ይወዳታል፤ ለቤተሰቡ ይነግራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል። ሽማግሌዎቹ ግን ወደ እሷ ቤት ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሰው በጨለማ ወደ መንደሯ ይላካል፤ የሚጠይቀውም ትምህርቷን ወይም ጠባይዋን አይደለም፤ አያቷ ምን ይሠሩ እንደነበር ነው።