ዋጋውን ጠየቅን

ጉብሬ፣ አያታችን ቤት፣ ምሰሶው ላይ የተሰቀለ ውጅግራ አለ። በቀደም አንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጥቶ «እማማ፣ ይሽጡልኝ» አላቸው።

እኛ የልጅ ልጆች ቀደም ብለን «በስንት?» አልን። የተማርን አይደለን! እ.ኤ.አ. በ1814 ለንደን የተቋቋመው ፐርዲ የሠራው አሮጌ የአደን ጠመንጃ ውድ እንደሆነ አንብበናል። ውጅግራ ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ እንደመጣ፣ በ1888 ዓድዋ እንደዘመተም እናውቃለን። ያለ ፈቃድ መሸጥ እንደሚያስጠይቅ (አዋጅ ቁጥር 1177/2012) ለሰውየው የነገሩት ግን እማማ ናቸው።

ከዚያ ወደኛ ዞሩ፤ «አባቴ በሬውን ሸጦ ነው የገዛው። ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?»

ዝም አልን። ጋዜጠኝነት ተምረን «ማን?» ከማለታችን በፊት «ስንት?» አልን። ማታ ደብተር ይዘን አጠገባቸው ቁጭ አልን።