«አንኖውን» የምትባለዋ ማን ናት?

እስቲ እንጠያየቅ። በገዛ ቤታችሁ፣ በገዛ ኮምፒዩተራችሁ፣ የገዛ ሠርጋችሁን ፎቶ ልታዩ ፎልደሩን ስትነኩት «መክፈት አልተፈቀደልህም» የሚል ጽሑፍ ድቅን ቢልባችሁ ማንን ትጠረጥራላችሁ? ማሽኑን እንዳትሉኝ! የሚጠረጠረው ሰው ነው። ሚስት ባሏን፣ ባል ሚስቱን፣ አባት ጎረምሳ ልጁን። «ምን ቢደብቅ ነው የቆለፈው?» ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ... ኩርፊያ፣ ስልክ መበርበር፣ ሲብስም ሽማግሌ።

ኮምፒዩተር መነካካት ስለምወድ የዘመድ አዝማድ ኮምፒዩተር ሲያስቸግር የሚጠራው እኔ ነኝ። (በነጻ ነው፤ ቡና ይፈላልኛል።) ካየኋቸው ችግሮች ሁሉ እንደዚህ የፈቃድ ጣጣ ሰውን ከሰው የሚያጣላ የለም። ቫይረስ ሲገባ ሁሉም በቫይረሱ ይናደዳል። «አልተፈቀደልህም» ሲል ግን ጠቡ እርስ በርስ ነው።

አምና ክረምት ታናሽ እህቴ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

«ወንድምዓለም፣ ይኼ ሰውዬ ሴት ይዞብኛል!»

«ማን ነገረሽ?»

«ኮምፒዩተሩ!»

ሳቄ መጣ፤ ግን እያለቀሰች ስለነበር ዋጥ አደረግሁት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ያመላልሳል። በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርበት ቀን በጣት ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ትዳር ውስጥ ጥርጣሬ ሁልጊዜ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፤ ማንኳኳት እንኳ አያስፈልገውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤታቸው ኮምፒዩተር ዘገምተኛ ሆኖ ሠሪ ዘንድ ይወሰዳል። ሠሪው አዲስ ዲስክ ገጥሞ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ፣ አሮጌውን ዲስክ ፎቶውና ሰነዱ እንዳይጠፋ ብሎ እዚያው ውስጥ ይተወዋል። ደህና ሥራ ነው፣ አልወቅሰውም። አካውንትም ሁለት ከፈተላቸው፤ ለባል በዱሮው ስሙ አድሚኒስትሬተር የሆነውን፣ ለእህቴ ደግሞ ተራውን።

እህቴ አሮጌው ዲስክ ላይ ፎቶዎቹ ወዳሉበት ልትገባ ስትል ተከለከለች። «ኮንቲኒው» የሚለውን ስትጫን ፓስወርድ ተጠየቀች፤ የባሏን። ደወለችለት። እሱ ሚሌ ላይ ነው፣ ሙቀቱ አንገብግቦታል፣ ደክሞታል። «ለምን ፈለግሽው?» አላት። በቃ! ነገሩን ያከረረችው ይህቺ «ለምን» ናት። በመጨረሻ ፓስወርዱን ሰጣት። የአሥረኛ ክፍል ልጇ ተቀመጠና ሴኩሪቲ የሚለውን ገጽ ከፍቶ ለማን ለማን እንደተፈቀደ የሚናገረውን ዝርዝር አነበበላት። «እማዬ፣ አካውንት አንኖውን ይላል። ያልታወቀ ሰው ማለት ነው።» ከስሙ አጠገብ ደግሞ ረጅም ቁጥር አለ፤ ስልክ ይመስላል። እህቴ ቁጥሩን በወረቀት ገልብጣ ጠበቀችኝ! ልትደውልበት ሞክራ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ድሮ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። በዊንዶውስ 95 እና 98 ዘመን የቤት ኮምፒዩተር ላይ ፎልደር ባለቤት የለውም ነበር። ፋት የሚባለው የዲስኩ አሠራር ማን ምን ይክፈት የሚለውን የሚመዘግብበት ቦታ ስላልነበረው፣ ማሽኑን ያበራ ሁሉ ሁሉንም ያያል። ለእያንዳንዱ ፎልደር ባለቤትና የተፈቀደላቸውን ሰዎች ዝርዝር የሚይዘው ኤንቲኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር ወጣ፤ እሱም በይበልጥ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነበር። ወደየቤታችን በሰፊው የገባው በ2001 በኤክስፒ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ኮምፒዩተር እንደ መዝገብ ቤት ሹም መታወቂያ ይጠይቀን ጀመር።

መታወቂያው ታዲያ ስም አይደለም፤ ቁጥር ነው። አካውንት ሲከፈት ዊንዶውስ ለሰውየው ኤስ-1-5-21 ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይሰጠዋል። ፎልደሩ ላይ የሚጻፈውም ያ ቁጥር ነው። ስሙን የሚያሳየን ለእኛ እንዲመቸን ብቻ ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ሰውየው በዚያው ስም፣ በዚያው ፓስወርድ አካውንት ቢከፍትም ቁጥሩ ሌላ ነው። ባንክ ቤት በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ደንበኞች አንዱ የሌላውን ደብተር ማንቀሳቀስ እንደማይችሉት ማለት ነው። አሮጌውን ቁጥር አዲሱ ዊንዶውስ ስለማያውቀው «አንኖውን» ብሎ ይጽፈዋል። እናላችሁ፣ እህቴ ሌሊቱን ሙሉ ስትረግማት ያደረችው «አንኖውን» የገዛ ባሏ ነበር!

ይህን በስልክ ብነግራት አላመነችኝም። በማግስቱ ሄድኩና በባልየው አካውንት ገብቼ ያንኑ ፎልደር ነካሁት። እሱንም ከለከለው። ጠርቼ አሳየኋት። «ራሱንም?» አለች፤ ድምጿ ቀነስ ብሎ።

«ኮንቲኒው» ስንለው ብዙ አሰበና የላይኛው ፎልደር ተከፈተ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚህ ላይ ያልቃል። አንዱ የውስጥ ፎልደር ግን እምቢ አለ፤ ባለቤቱን መቀየር ግድ ሆነ። ለሚቸገር ሰው እነሆ፦ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አድቫንስድ። ከላይ «ኦነር» ከሚለው አጠገብ «ቼንጅ» አለ፤ እሱን ተጭናችሁ የአሁኑን አካውንት ስም ጻፉና «ቼክ ኔምስ» በሉት፣ ያውቀዋል። ከስሙ በታች «ሪፕሌስ ኦነር» ብላ የምትጀምር ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች፤ ምልክት ካላደረጋችሁባት ባለቤትነቱ ለላይኛው ፎልደር ብቻ ይሆንና ውስጡ እንደተዘጋ ይቀራል። አፕላይ ብላችሁ መስኮቶቹን ዝጉና እንደገና ክፈቱት። ባለቤት መሆን ለብቻው ፈቃድ አይደለም፤ «አድ» ብላችሁ ራሳችሁን ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡና «ፉል ኮንትሮል» ስጡ። ይህ ሁሉ የሚሆነው አድሚኒስትሬተር ለሆነ ሰው ነው።

ብዙ ሰው የሚታለልባት ነገር አለች። ፕሮፐርቲስ ላይ «ሪድ ኦንሊ» የምትለዋን ሳጥን ነካክቶ፣ «አጠፋሁት፣ ተመልሶ መጣ» ብሎ ያብዳል። እሷ ከዚህ ጉዳይ ጋር አትገናኝም፤ ተዋት። «ኤቭሪዋን» ለሚለው ሁሉን ነገር ፍቀዱለት የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ቤቱን ከፍቶ እንደ መሄድ ነው። ዊንዶውስ ራሱ የተጫነበትን ፎልደር ባለቤትነት ደግሞ በፍጹም እንዳትነኩ፤ ሲስተሙን ታበላሹታላችሁ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብን። ከዚያ ተከፈተ። የሠርጉ ፎቶ አለ፣ የልጁ ክርስትና አለ። ከሁሉ በላይ ግን የእናታችን ቪዲዮ አለ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ቡና እየቆላች፣ የሚቀርጻትን ሰው «ተው አንተ፣ ፀጉሬን ሳልሠራ!» እያለች ስትቆጣ። ነፍሷን ይማረውና ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ድምጿ ያለው እዚያ ብቻ ነው። እህቴ ስለ ሴቲቱ ረስታ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ግን አላለቀም። አንድ ሌላ ፎልደር ነበር፤ ፋይሎቹ ላይ ትንሽ የጓጉንቸር ምልክት አለች። እዚያ ላይ ባለቤትነት ብትቀይሩ፣ ፈቃድ ብትሰጡ ዋጋ የለውም፤ ፋይሉ ራሱ ተመስጥሯል። የሚከፈተው በዱሮው አካውንት ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ካልተገለበጠ ዊንዶውሱ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። (ዲስኩ በሙሉ 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ከጠየቃችሁ እሱ ሌላ ነው፣ ቢትሎከር ይባላል።) ይህኛው በስህተት አይመጣም፤ ሰው አስቦበት የሚያደርገው ነው። እህቴ ፊቴን አየች። መዋሸት አልቻልኩም። «ይኼን እሱ ነው የቆለፈው» አልኳት።

ሰውየው በሦስተኛው ቀን ገባ። ቁልፉን ፍላሽ ላይ ገልብጦ መኪናው ውስጥ ያስቀምጠው ኖሯል። አምጥቶ ሰካው፣ ከፈተው። የሾፌሮቹ የእቁብ ሒሳብ ነው፤ ጸሐፊያቸው እሱ ነው። ማን ስንት እንደጎደለበት፣ ማን ዕጣውን በብድር እንዳስያዘ፣ ሁሉም አለበት። «የሰው ገመና ስለሆነ ነው፣ ጋሼ» አለኝ፤ ለእኔ ይናገራል እንጂ የሚያየው እሷን ነው።

«ለእኔም?» አለች።

«ለአንቺም።»

እህቴ እስካሁን በዚህ አልተዋጠላትም። እኔ ግን ከእሱ ጋር ነኝ፤ አደራ የተሰጠው ለእሱ እንጂ ለቤቱ አይደለም። የበደለው በሌላ ነው፤ ቁልፍ ያለው ፎልደር መኖሩን አስቀድሞ ሊነግራት ይገባ ነበር። ሁለቱንም እንዲሁ ብያቸዋለሁ።

የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ ሁለቱም ያለ ፓስወርድ ወደሚከፍቱት ፎልደር አዛወርንላቸው፤ ለልጁም የራሱን ተራ አካውንት ከፈትንለት። የእናታችንን ቪዲዮ በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ፤ አንዱ እኔ ጋ ነው። የእቁቡ ቁልፍ ደግሞ አሁን ሁለት ቅጂ አለው። አንደኛው እንደ በፊቱ መኪናው ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው በፖስታ ታሽጎ እህቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀምጧል። ፖስታው ላይ ሰውየው በእጁ «ድንገት እኔ ባልኖር» ብሎ ጽፎበታል።