የቮልሷ ሞተር ነገር

ስለ መኪና ሞተር በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ይጻፋል ወይ? የሚል አንባቢ ይኖራል፤ አልፈርድበትም። እኛ ተማሪዎች ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞትና ስለ አገር መጻፍ ይቀናናል። ፒስተንና ካንዴላን ለቴክኖሎጂ ልጆች ትተንላቸዋል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ያለችውን ጥሪት መሐል ላይ አስቀምጦ፣ «ይህን አሮጌ ነገር እናድሰው ወይስ በሌላ እንለውጠው?» እያለ ሌሊቱን ሲከራከር ያደረ እንደሆነ፣ ጉዳዩ የብረት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ነገሩ ወዲህ ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ደምበል ዙሪያ ላሉ ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ማመላለሻዋ አባቴ ትቶልን ያለፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች ባለ 1300 ሲሲ ቮልስዋገን ናት። ካዛንቺስ እያለን ቮልሷ ብትቆምም ያን ያህል አያስጨንቀንም ነበር፤ ታናሽ ወንድሜና እኔ እንጀራውን ተሸክመን በእግራችን እናደርሳለን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ግን ብዙው የሰፈር ሰው ወደ ገላን ጉራ ሄደ፤ እኛም ሄድን። ምጣዱ ከከተማው ዳር፣ ደንበኛው ደምበል ሆነ። ሁለቱን የምታገናኘው ቮልሷ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ይህን ጊዜ ጠብቃ ሰማያዊ ጭስ ታጨስ፣ ዳገት ላይ ትንተባተብ ጀመር።

ቮልስ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለችም። መምህሩም፣ ነርሱም፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውም ነድቷታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ፋብሪካው ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ከሠራ በኋላ የመጨረሻዋን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ አውጥቷል። እንግዲህ አዲስ ቮልስ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የቆየው ነው።

ቤታችን ሦስት ቦታ ተከፈለ። አጎቴ፣ «የወንድሜን ሞተር አውጥታችሁ ብትጥሉ እኔን አትጥሩኝ!» አለ። ታናሽ ወንድሜ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ባለ 1600 ሞተር ገዝተን እንግጠም ባይ ነው። ክርክሩ ደግሞ ዝም ብሎ የሚናቅ አልነበረም። የእኛ 1300 ሲወለድ ጉልበቱ 40 ፈረስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳል፤ ከ40ው ፈረስ ስምንቱ ያህል ገና ከጋራዥ ሳይወጣ ጠፍቷል ማለት ነው። 1600ው 50 ፈረስ አለው። «እንጀራ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ አሥር ፈረስ ቀላል ነው እንዴ?» ይላል ወንድሜ።

ሦስተኛው ሐሳብ የእኅቴ ነው፤ ሞተር የሚባለውን ነገር ጨርሶ አውጥቶ በኤሌክትሪክ መተካት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በኤሌክትሪክ የምትሄድ ቮልስ ፍራንክፈርት ላይ አሳይቷል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ግን የባትሪው ዋጋ ከቮልሷ ዋጋ በለጠና እኅቴ ራሷ ሐሳቧን አነሳች።

እናቴ ሁላችንንም ከሰማች በኋላ፣ «እኔ እንጀራዬን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ደምበል የሚያደርስልኝን ነው የምፈልገው። ስሙን እናንተ አውጡለት» ብላ ወደ ምጣዷ ሄደች።

ከደምበል ጀርባ ወደ ቂርቆስ በሚያስገባ ቅያስ ውስጥ ቮልስ ሲፈቱ የኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ።

«ጋሼ፣ ይታደሳል ወይስ ይለወጥ?» አልኳቸው።

«ሳይለካ?» አሉኝ። «ሞተር በምኞት አይታደስም፣ ልጄ። በጥላቻም አይጣልም።»

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። ፈትተው፣ በክሪክ ዝቅ አድርገው ከሥር ጎትተው ሲያወጡት ሻይ እስኪፈላ አልቆየም። ከመፍታታቸው በፊት ግን ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ሳብ አደረጉት። ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ይህ እንቅስቃሴ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ 15 ካለፈ ክራንክሻፍቱ መቀመጫው ላይ እየተንገዋለለ ነው ማለት ነው። የእኛ አልፏል።

ሦስተኛውን ሲሊንደር ሲከፍቱ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ተቃጥሏል፤ ቴስታታውም ተሰንጥቋል። ይህ የእኛ ቮልስ ዕድል ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ሥሪት የዘይት ማቀዝቀዣው በአየር ማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ በሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ ተቀምጧል፤ ማራገቢያው የሚልከውን አየር ይጋርድበታል። ሞተሩ ውኃ የለው፤ የሚበርደው በአየር ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ከወንድሞቹ ይበልጥ ይግላል፤ ፋብሪካውም ይህን አይቶ ለ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሲያዩ አጎቴ ፊቱ ጠቆረ፤ ወንድሜ «አላልኳችሁም?» ማለት ጀመረ። ሽማግሌው ለሁለቱም መልስ አልሰጡ። የሞተሩን ገላ ለሁለት ከፍለው፣ በቤንዚን አጥበው፣ ብሮንዚናው የሚቀመጥባቸውን ክቦች አንድ በአንድ ለኩ። ገላው ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ ቀላል ነው፤ ግን ለስላሳ ነው፤ ክራንክሻፍቱ ለረጅም ጊዜ ከቀጠቀጠው ክቡ ይሰፋል። ያን ጊዜ አዲስ ብሮንዚና ብታስገባ ገንዘብ መጣል ነው። ሽማግሌው ለክተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «ገላው ደኅና ነው» አሉ።

ነገሩ የበራልኝ እዚህ ላይ ነው። የቮልስ ሲሊንደሮች እንደ ብዙ መኪኖች ከገላው ጋር አንድ ሆነው የተቀለጡ አይደሉም፤ ለየብቻ የሚወልቁ ናቸው፤ ከፒስተንና ከፋሻቸው ጋር አብረው ይሸጣሉ። ቴስታታው ይወልቃል፤ ክራንክሻፍቱ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል። ይህን ሁሉ ለውጠህ ሞተሩ ያው ሞተር ነው። ሕጉም ከመካኒኩ ጋር ይስማማል፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር የተቀረጸው ገላው ላይ ነው እንጂ ፒስተኑ ላይ አይደለም። እንግዲህ «ይታደስ ወይስ ይለወጥ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው፣ ሌላውን ሁሉ የተሸከመው የትኛው እንደሆነ ታውቆ እሱ ሲለካ ነው።

ካዛንቺስም ትዝ ያለኝ ለዚህ ነው። ስሙ የመጣው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም አሕጽሮት፣ «ካሳ ኢንቺስ» ከሚለው ነው። ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የምንለውም ከዚያው ቋንቋ ነው፤ ቃሉን ያመጣው ሄደ፣ ቃሉ ግን እኛ ዘንድ ቀረ። ካዛንቺስ ውስጥ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ለስንት ቤት አንድ መጸዳጃ የነበረው ግቢ ሞልቶ ነበር፤ ይህን የሚክድ እዚያ አልኖረም። ሲሊንደሩም ቴስታታውም ተበላሽቶ ነበር እንበል። ነገር ግን የአንድ ሰፈር ገላው የትኛው ነው? እኔ ዕድሩ ነው እላለሁ። ለእናቴ ጤፍ በዱቤ የሚሰጣት ባለ ሱቅ ነው። ማለዳ በሯን አንኳኩታ «ዛሬ አልተነሣሽም እንዴ?» የምትላት ጎረቤት ናት። ይህ በሜትር አይለካም ይባል ይሆናል፤ ግን ሲጎድል ሂሳቡ ይታወቃል። እናቴ አሁን ጤፏን በእጅ በእጅ ነው የምትገዛው።

ሞተሩ እንዲታደስ ተወሰነ። አዲስ ቴስታታ፣ አዲስ ሲሊንደርና ፒስተን፣ አዲስ ብሮንዚና፤ ከግማሽ በላዩ ተለወጠ ማለት ይቻላል። የ1600ው ሞተር ታሪኩ አይታወቅም፤ ገላውን ከፍቶ ለመለካት ደግሞ ሻጩ አልፈቀደም። በዋጋ የተረፈን ልዩነት ለእኅቴ የትምህርት ክፍያ ሆነ። አጎቴ ያሸነፈ መስሎት ደስ አለው፤ እናቴም መስሎ እንዲቀር ተወችው። ወንድሜ አሁንም ዳገት ላይ አሥሩን ፈረስ ያነሣል። እውነቱን ነው፤ ዳገት ላይ ቀስ እንላለን።

የሞተር ቁጥሯ ያው ነው። ሊብሬው ላይ የምናስለውጠው አድራሻችንን ብቻ ነው።