ከካርታው በፊት ጥያቄው ይዘርጋ

ዛሬ በካልጋሪ፣ በ17ኛው ጎዳና ደቡብ ምሥራቅ ቡና ላይ ተነሥቶ እስካሁን ያልበረደው ክርክር፣ ታሮት ኃጢአት ነው ወይስ ጨዋታ በሚለው ላይ ተንጠልጥሎ በመቅረቱ፣ ካርታውን ይዛ የመጣችው ልጅ የጠየቀችው ዋና ነገር፣ ማለትም የተወሳሰበ ጉዳይን ለማጥራት ካርታዎቹ እንዴት ቢደረደሩ ይሻላል የሚለው፣ መልስ ሳያገኝ ተበትኗል። ዘዳግም 18 ምዋርትን እንደሚከለክል የጠቀሱት አባት ልክ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ጥቅሱን እንደጨረሱ ስኒያቸውን ገልብጠው ወደ ስኒ አንባቢዋ ማስጠጋታቸው የክርክሩን ክብደት ትንሽ ሳይቀንሰው አልቀረም።

ታሮት 78 ቅጠል ያለው የካርታ ዓይነት ሲሆን፣ 56ቱ እንደ ተራው መጫወቻ ካርታ በአራት ወገን የተከፈሉ፣ 22ቱ ደግሞ እንደ ፀሐይ፣ ሞትና ፍርድ ያሉ ሥዕሎችን የያዙ ናቸው። በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ ለጨዋታ ተሠርቶ፣ ዕድል መንገሪያ ሆኖ የተስፋፋው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ነው፤ ዛሬ በብዙ ሰው እጅ የሚታየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የወጣው፣ በአርተር ኤድዋርድ ዌይት መሪነት ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው ነው። የካርታ አዘረጋግ የሚባለው፣ ካርታው ከመገለጡ በፊት ለሚያርፍበት ቦታ የሚሰጠው ጥያቄ ነው። ታዋቂው የኬልት መስቀል 10 ቦታ አለው፤ ግራ ለተጋባ ሰው ግን 10 መልስ ግራ መጋባቱን ከማብዛት በቀር የሚያተርፍለት ነገር መኖሩ ያጠራጥራል።

በኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ በዐውደ ነገሥት ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። የባለጉዳዩና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተተክተው ከተደመሩ በኋላ በ12 ይገደፋሉ፣ ይኸውም 12 12 እየተነሣ የመጨረሻው ቀሪ ይያዛል ማለት ነው፤ በዚያም ቀሪ ከሐመል እስከ ሑት ካሉት አንዱ ኮከብ ይገኛል። ስሌቱ መቶ ጊዜ ቢደጋገም ቀሪው ያው በመሆኑ፣ ኮከቡን ያልወደደ ሰው እናቱን ከመውቀስ ሌላ መንገድ የለውም። ታሮት በአንጻሩ አምስት ካርታ በተርታ ቢዘረጋበት 2,533,330,800 ዓይነት አወጣጥ ስላለው፣ የሚፈልገው እስኪወጣ ድረስ ለሚበውዝ ሰው ሰፊ በር ይከፍታል።

የስኒ ንባብ በሁለቱ መካከል ሳይቀመጥ አይቀርም፤ ዕጣውን የሚያወጣው በስኒው ግድግዳ ላይ ወርዶ የሚደርቀው አተላ ነውና። ግን አተላው ከየት ይምጣ? በካልጋሪ አፓርታማ ውስጥ ቡና ለመቁላት የሞከረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቡናው መንጣጣት ሳይጀምር የጢስ ጠቋሚው ይጮኻል፤ በጥር ብርድ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ መስኮት ይከፈታል፤ የቤቱ ታናሽ ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ ፎጣ ያራግባል፣ ይህም በስደት የተፈጠረ ሹመት ነው። ማግስቱን ስለ "የሚረብሽ ሽታ" የሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ ይመጣል፤ የሚያንገበግበው ግን ደብዳቤው ብቻ ሳይሆን፣ እዚያው ሕንፃ ሥር ባለው ካፌ ይርጋጨፌ ተብሎ የተጻፈበት ብርጭቆ ከነሽታው እየተወደሰ መሸጡ ነው። ያም ቡና በወረቀት ተጣርቶ ስለሚቀርብ ከታች አንዳች የሚነበብ ነገር አይተውም። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ የሰው ጉዳይ የሚሰማበት ሰዓት ከአተላው ጋር አብሮ እየተጣራ መሄዱን ማንም በደብዳቤ አላስታወቀም።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ሲመለሱ፣ "ሥራዬን ልተው ወይስ ልቆይ" የሚለው ዓይነት ጥያቄ ለካርታ አይመችም፤ ውሳኔውን ከባለጉዳዩ ወስዶ ለወረቀት ይሰጣልና። ይልቅስ የመጀመሪያው ቦታ ወሬው ተለይቶ በእርግጥ የሆነው ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ባለጉዳዩ ከፍርሃቱ ወይም ከምኞቱ የጨመረበት ምን እንደሆነ፣ ሦስተኛው ከእጁ ውጭ ያለው ምን እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 አጋማሽ ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ከተማዋ ስትንገዳገድ ያየ ሰው ይህ ሦስተኛው ቦታ ለካልጋሪ ነዋሪ ለምን እንደማይቀር ማስረዳት አያሻውም። አራተኛው በዚህ ሳምንት በእጁ ያለውን፣ አምስተኛው ምርጫው የሚያስከፍለውን ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ቦታ ካርታው ሳይገለጥ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት፤ ሥዕሉ የሚያገለግለው ያንን ዓረፍተ ነገር ለመፈተን ነው። ለምሳሌ በአራተኛው ቦታ ስምንት ሰይፍ የተባለው ካርታ ቢወጣ፣ ዓይኗና ክንዶቿ የታሰሩ ሴት በተተከሉ ሰይፎች መካከል ቆማ ትታያለች፤ "በእጄ ምንም የለም" ብሎ የጻፈ ሰው ግን ሥዕሉን ዝቅ ብሎ ቢያይ እግሯ አለመታሰሩን ያገኛል። ይህን ለማየት መንፈስ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። ጉዳዩ ራሱ እስካልተለወጠ ድረስም ዳግመኛ መበወዝ ክልክል መሆን አለበት።

በክርክሩ መካከል "ፖሊስ ይጠራ" ያለው ሰውስ? የካናዳ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 365፣ በማታለል ጥንቆላ እሠራለሁ ማለትንና በክፍያ ዕድል መንገርን ይከለክል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ተሰርዟል። አታልሎ ገንዘብ መውሰድ ዛሬም ወንጀል ነው፤ ልጅቷ ግን የወሰደችው ፈንዲሻ ብቻ ነው።